በጎ ፈቃደኞችንና አጋሮችን እንዴት እናመስግን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ ዕረፍት አያገኝም። የእድር ሊቀ መንበር ይደውላል። የትምህርት ቤት የበጎ አድራጎት ክበብ ኃላፊ ትደውላለች። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፣ የመስጊድ ጀመዓ ወጣቶች፣ አንዳንዴም «እኛ አምስት ጓደኛሞች ነን፣ ስም እንኳ የለንም» የሚሉ ይደውላሉ። ሁሉም ዓመቱን ሙሉ የተቸገሩ ቤተሰቦችን ሲደግፉ ከርመዋል። አሁን አብረዋቸው የደከሙትን ማመስገን ይፈልጋሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰርተፍኬት የት ነው የምታሠሩት?»

እሱ በጣም ቀላሉ ነው፤ ማተሚያ ቤት በየመንገዱ ሞልቷል። እዚህ የሰበሰብኳቸው አስቸጋሪዎቹን ነው። መልሶቹ አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈራችን የድጋፍ ኮሚቴ ከሠራሁባቸው ዓመታት የመጡ ናቸው። ግማሾቹ ከስህተት የተገኙ ናቸው።

ለጽድቅ ብለው ነው የሚሠሩት። ምስጋና ምን ያደርግላቸዋል?

ይህን የሚጠይቀኝ ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ነው። ንግግሩም እውነት አለው። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከእኛ ጋር አንዲት ሴት ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የአልጋ ቁራኛ ለሆነች ጎረቤት ልብስ ታጥብ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቀረች። ሁለተኛም ቀረች። ከመካከላችን የደወለላት የለም። የሥራ ድልድሉ ላይ ስሟን ሰርዘን ሌላ ሰው ተካን። ለካ ታማ ነበር። ከወራት በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛት «እኔ ኖርኩ ቀረሁ ለውጥ የለውም ለካ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ሰው ከበጎ ሥራ የሚወጣው ስለሚደክመው ነው» ሲባል አላምንም። ድካሙንማ ለምዶታል።

ማንን ነው የምናመሰግነው? ዝርዝሩን ከየት እናምጣ?

ከኮሚቴው መዝገብ ብቻ አታውጡ። መዝገብ ላይ የሚገኘው ስብሰባ የመጣ ሰው ነው። ስብሰባ የሚመጣውና ሥራ የሚሠራው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም።

እኛ እንዲህ እናደርጋለን። ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሁለት ሰው ይመደብና የምንደግፋቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ይዞራል። ቅጽ የለም። ቡና ከተፈላ ይጠጣል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ባለፈው ዓመት በራችሁን ማን አንኳኳ?»

መልሱ አንዳንዴ ያስደነግጣል። አራት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት መጀመሪያ የጠራችልን ከኮሚቴው ሰው አልነበረም። የጥግ ሱቅ ያለውን ልጅ ነበር። ዱቤ ይሰጣታል። ወር ሲሞላ አይጨቀጭቃትም። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ የዱቤ ደብተሩን አውጥቶ የእሷን ገጽ ፊቷ ቀዶ ጣለው። ልጁ የእኛ ኮሚቴ መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር።

እንዲህ ሲታሰብ ዝርዝሩ ይረዝማል። የእርዳታ እህል በነፃ የሚፈጭ ወፍጮ ቤት አለ። በዳማሱ ዘይትና ዱቄት የሚያመላልስ፣ ነዳጁንም ከኪሱ የሚሞላ ሹፌር አለ። «ብሩን ሲኖርሽ ታመጫለሽ» ብሎ መድኃኒት የሚሰጥ ፋርማሲስት አለ። ወረዳ ቢሮ ውስጥ ድሃውን «ነገ ተመለስ» ሳይል ወረቀቱን የሚጨርስ ሠራተኛም አለ። አዎ፣ አለ። ዓይናቸው ለደከመ አዛውንት የመድኃኒት ሰዓት የምታስታውስ የስድስተኛ ክፍል ተማሪም አለች።

የእድር ሴቶችን ደግሞ በተለይ አትርሱ። ኤችአይቪ በየቤቱ ሰው በሚጥልበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከቀብር ሥራ አልፈው ሕሙማንን ወደ ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መደገፍ የገቡ እድሮች ነበሩ። ሰው ቤት መግባት በሚፈራበት ጊዜ ገብተው ገላ ያጠቡ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ አርጅተዋል። ሰፈራችሁ ውስጥ አንዷ ካለች ከእሷ ጀምሩ።

ብዙ የሰጠውንና ትንሽ የሰጠውን እኩል እናመስግን?

«ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ» እያላችሁ ደረጃ አታውጡ። ኦሎምፒክ አይደለም። ሃያ ኩንታል ጤፍ የላከ ነጋዴና ሃያ ሳምንት እንጀራ የጋገረች ሴት በምን ሚዛን ይመዘናሉ? ስማቸውን በፊደል ተራ ጥሩ። ከሀ እስከ ፐ። የሚከፋው ሰው ከመጣ ጥፋቱን በፊደል ገበታው ላይ አላክኩ።

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል መፈክር አለው። እዚያ ሄዶ የአዛውንት ፀጉር የሚያበጥርና ጥፍር የሚቆርጥ ወጣት በብር ሊተመን የሚችል ነገር አልሰጠም። በደረጃ ዝርዝራችሁ ቢሆን ግን መጨረሻ ላይ ነበር የሚገኘው።

የተደገፉት ቤተሰቦች መድረክ ላይ ወጥተው ምስክርነት ይስጡ?

አይስጡ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ከዓመታት በፊት አንድ የምስጋና ዝግጅት ላይ ተጋብዤ ነበር። አዘጋጁን አልጠራም። ባሏ የሞተባት እናት ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ጋር መድረክ ላይ ወጣች። መድረክ መሪው ማይኩን አስጠግቶ «እነዚህ ደግ ሰዎች ባይኖሩ ዛሬ የት ትሆኚ ነበር?» አላት። አለቀሰች። አዳራሹም አለቀሰ። ተጨበጨበ። ካሜራማኑ ተጠጋ። ልጁ ጫማውን ያይ ነበር። ጫማውም የተሰጠው ነው።

ቪዲዮው ሰኞ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ክፍል አልገባም። ለደብተሩና ለዩኒፎርሙ ስንት ሰው የለፋለት ልጅ ነው።

የእኛ ሰው «ገመናዬን አትግለጥብኝ» ብሎ ሲጸልይ የሚያድር ሰው ነው። ያንን ገመና ገልጦ ለበጎ ፈቃደኛ የሚሰጥ ምስጋና በጎ ፈቃደኛውንም ያሳፍረዋል። እኔን አሳፍሮኛል።

«ፈቃዳቸውን ጠይቀናል፣ ፈርመዋል» ትሉኝ ይሆናል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ብዙ ማኅበር የፈቃድ ወረቀት ያስፈርማል። መልካም ነው። ግን አስቡት። ዘይቱን ለመቀበል ተሰልፎ የሚፈርም ሰው «ፎቶ አልነሳም» ለማለት ምን አቅም አለው? ጥያቄውን ከዕደላው ቀን አርቁት። ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። «እምቢ ብትልም ምንም የሚቀርብህ ነገር የለም» በሉት፤ ከዚያም በእርግጥ አታስቀሩበት። ልጆችን ግን እናታቸው ብትፈቅድም አታቁሙ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ ያገኘነው መላ ቤተሰቦቹን አስተናጋጅ ማድረግ ነው። ወጪው ከኮሚቴው ይሆናል። ቡናውን የሚያፈሉት፣ ድፎውን የሚቆርሱት፣ እንግዳ የሚቀበሉት ግን እነሱ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ አይለይም። መጨረሻ ላይ ከእነሱ መካከል አንድ አዛውንት እናት ተነሥተው ይመርቃሉ። «ልጅ ይውጣላችሁ፣ ደጃችሁ አይዘጋ፣ እጃችሁ አይንጠፍ» ሲሉ አሜን የማይል የለም። ሰው ዋንጫውን ይረሳል፤ ምርቃቱን ግን ለዓመታት ሲጠቅስ እሰማለሁ።

ቃላቸውም እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ ጻፉትና ሌላ ሰው ያንብበው። ስም አይኑር። አንድ ጊዜ እንዲህ የሚል ወረቀት ተነብቦ ነበር፦ «ማታ ማታ ልጄን ሒሳብ ያስጠናኸው ልጅ፣ ሚኒስትሪ አልፏል። ሻይ ሳትጠጣ ነበር የምትሄደው። አሁን ና ጠጣ።» የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎትቶ ሲንሰቀሰቅ ብቻ አወቅነው።

ምን እንስጣቸው? ሰርተፍኬት ይበቃል?

እንደ ሰውዬው ነው።

ለተማሪና ሥራ ፈላጊ ሰርተፍኬት ትልቅ ነገር ነው። ግን «ላደረጉት በጎ አስተዋጽኦ» የሚል ብቻ ከሆነ ቀጣሪ ምንም አይረዳበትም። ምን እንደሠራች ጻፉ። «ከጥቅምት እስከ ሰኔ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለሰባት ልጆች እንግሊዝኛና ሒሳብ አስጠንታለች» የሚል ወረቀት የሥራ ልምድ ይሆናል። ቀን፣ ማህተም፣ የሚደወልበት ስልክ ይኑረው። ሲደወል ደግሞ አንሡ!

ስም አጻጻፍ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ኃይሉ ነው ሀይሉ? ፀሐይ ናት ጸሐይ? ዓለሙ ወይስ አለሙ? ባለቤቱን ጠይቁ። ሐጂ፣ ቀሲስ፣ ሲስተር፣ ዶክተር የሚለውም እንዳይቀር። አንድ ዓመት የአንድ አዛውንት ሰርተፍኬት ላይ የአባታቸው ስም ተሳስቶ ወጣ። ምንም አላሉም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በሚቀጥለው ሳምንት ቤታቸው ስሄድ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ሌላ አሳትመን፣ ፍሬም አስገብተን ወሰድንላቸው። አሁን ከልጃቸው የምረቃ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል።

ለአዛውንት ጋቢ ማልበስ ያምራል። ካባም ጥሩ ነው፤ ግን ከዝግጅቱ በኋላ የት ይለበሳል? ጋቢው ሌሊት ያሞቃል። ዋንጫን አልወድም፤ አቧራ ይሰበስባል። ፊት ለፊቱ የድርጅት ሎጎ የተንሰራፋበት ቲሸርት ስጦታ አይደለም፤ ማስታወቂያ ማሸከም ነው።

የምናደርገው ሌላ ትንሽ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ሰው በእጅ የተጻፈ ካርድ እንሰጣለን። ካርዱ ላይ እሱ ያደረገው አንድ ነገር ይጻፋል። «ነሐሴ ላይ ጣሪያው ሲቀየር ቆርቆሮውን በትከሻህ ይዘህ ያንን ዳገት ወጣህ» ዓይነት። ስልሳ ካርድ መጻፍ እጅ ያደክማል። ለአምስት ሰው ስትከፋፈሉት አንድ ማታ ይበቃል።

ትራንስፖርትና የስልክ ካርድ ብንሰጥስ? እንደ ክፍያ አይቆጠርም?

ትራንስፖርት ሽልማት አይደለም፤ የራሱን ብር መመለስ ነው። ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ተማሪን «በጎ ፈቃደኛ ነህ» ብሎ ማክሰር ደግ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ስጡት እንጂ የምስጋና ቀን በፖስታ አሽጋችሁ መድረክ ላይ አታስረክቡት።

ለድሃ የመጣን ብር ለድግስ ማውጣት አይከብድም?

ይከብዳል። መክበድም አለበት።

የእኛ ደንብ ቀላል ነው፦ ለቤተሰቦች ተብሎ ከመጣው ገንዘብ አንድ ብር ለምስጋና ዝግጅት አይወጣም። ለዝግጅቱ ለብቻው እንለምናለን። አንዱ ዳቦ ይችላል፣ አንዱ ቡና፣ አንዱ ወንበር። አዳራሽ ከእድር ድንኳን አይበልጥም። ዝግጅቱ ላይም ይህንኑ በማይክ እንናገራለን፤ ሰው በልቡ ሲያሰላ ከሚቀመጥ ቢሰማው ይሻላል።

ሕጋዊ ሰውነት ያላችሁ ድርጅት ከሆናችሁ ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አለ። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የዝግጅቱ ወጪ የትኛው መደብ ውስጥ እንደሚገባ ቀድማችሁ ከሒሳብ ሠራተኛችሁ ጋር ተነጋገሩ። እድር ከዚህ አዋጅ ውጪ ነው። ከሰው አፍ ግን ውጪ አይደለም።

መቼ ብናደርገው ይሻላል?

ብዙዎች የክረምቱ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሲያልቅ፣ ከአዲስ ዓመት በፊት ያደርጉታል። ቤት ጥገናውም፣ የተማሪ ደብተር ማሰባሰቡም ያኔ ስለሚጠናቀቅ ወቅቱ ጥሩ ነው። ፍልሰታ እስኪፈታ ግን ጠብቁ፣ ሥጋ ካሰባችሁ።

ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ዲሴምበር 5 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1985 እ.ኤ.አ ነው የወሰነው። በእኛ ኅዳር 26 ላይ ይውላል፤ አንዳንድ ዓመት 25። 2026 እ.ኤ.አ ደግሞ ራሱ የበጎ ፈቃደኞች ዓመት ተብሎ ተሰይሟል፤ በዚያ ዓመት ኅዳር 26 ቅዳሜ ነው። ግን ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 መግባቱን አትርሱ። ሽሮና አተር ክክ ወጥ ነው የሚሆነው። እኔ በበኩሌ የጾም ምግብ ወጪ ስለሚቀንስና ሁሉንም ስለሚያስማማ እወደዋለሁ። ረመዳን የሚገባበትንም ቀን እዩ። ሙስሊም አጋራችሁን ጾም በያዘበት ቀትር ላይ «ምሳ ና» ብሎ መጥራት አይሆንም፤ ከሆነም ኢፍጣር አድርጉት።

በሰፈሩ ለቅሶ ካለ ዝግጅቱ ይተላለፋል። ይህን ማንም አይጠይቀኝም፤ ግን ባነር ታትሟል ብለው የቀጠሉ አይቻለሁ። ድንኳን ተተክሎ እያለ እናንተ ጋ ዘፈን ሲሰማ ሰው የዓመቱን ሥራችሁን ይረሳል። ባነር ላይ ቀን አትጻፉ፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላችኋል።

ባንኮችን፣ ፋብሪካዎችን፣ ነጋዴዎችን በምን እናመስግን?

በሪፖርት። ከምር ነው የምለው።

አጋር ድርጅት ከዋንጫ በላይ የሚፈልገው የሰጠው ነገር የት እንደደረሰ ማወቅ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ይህን ያህል ደረሰን፣ ለዚህን ያህል ቤት ተዳረሰ፣ ይህን ያህል ተረፈ፣ የተበላሸው ይህ ነው። «የተበላሸው» የሚለውን አትደብቁ። አንድ ጊዜ ዱቄት እርጥበት ገብቶበት ሦስት ከረጢት ጣልን። ሪፖርቱ ላይ ጻፍነው። የላከው ነጋዴ ደውሎ «እንዲህ የሚል ማኅበር መጀመሪያዬ ነው» አለ። በሚቀጥለው ዙር ዱቄቱን ከነመደርደሪያ እንጨቱ ላከ። ሕጋዊ ደረሰኝም በጊዜው ስጡ። ለሒሳብ ሰዎቻቸው እሱ ነው ምስጋና።

«ሎጎአችን ትልቅ ይሁን» ቢሉስ? ሁሉንም እኩል አድርጉ። ንግግር ከጠየቁ ሦስት ደቂቃ ስጡ። አንድ ሥራ አስኪያጅ ስለ ድርጅቱ አመሠራረት አርባ ደቂቃ ሲያወራ ድስት ያወጡት ሴቶች ጓዳ ቆመው ነበር። ስማቸው ሲጠራ ግማሾቹ ሄደዋል።

ባለሥልጣን እንጥራ?

ከሠራ ጥሩት። ካልሠራ ለምን? የሚያረፍድ የክብር እንግዳ ሁለት ሰዓት ሙሉ አዛውንት ያስቀምጣል። ጥሪ ካደረጋችሁም ዝግጅቱን በሰዓቱ ጀምሩ፤ ሲደርሱ ይቀላቀላሉ።

«ስሜ እንዳይጠራ» የሚሉ ሰዎችን ምን እናድርግ?

አትጥሯቸው። «ግድ የለም፣ ትሕትና ነው» ብላችሁ በድንገት መድረክ ላይ አታውጧቸው። ክርስቲያኑ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ይዟል። ሙስሊሙም በስውር የሚሰጥ ሰደቃ ያለውን ክብር ያውቃል። ሁለቱም ጋ ነገሩ እምነት ነው።

ግን ስማቸው አልተጠራም ማለት አልተመሰገኑም ማለት አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ቤታቸው ሄዶ ያመስግን። እኛ ሰፈር በየወሩ የአንዲት እናት የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሰው አሉ። እናቲቱ ማን እንደሆኑ አታውቅም። አከራዩና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ሄጄ «ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ትልቋ ዘጠነኛ ገባች» እላቸዋለሁ። «ተመስገን» ይላሉ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ይኸው ነው።

ውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎችስ?

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ብር ልኮ ዝም ይባላል። የሚደወልለት ብሩ ሲዘገይ ነው። ይህን ብዙዎች በምሬት ነግረውኛል፤ እውነታቸውን ነው። በተለይ ዓረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች ከደመወዟ ቀንሳ የምትልክ ልጅ አለች። ለእሷ መቶ ዶላር ምን ያህል ሰዓት እንደሆነ አስቡት። ከተመስጋኞች ዝርዝር መጨረሻ ላይ «በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችን» ተብላ በጅምላ መጠቃለል የለባትም።

የድምፅ መልእክት ላኩላቸው። ጽሑፍ አይደለም፣ ድምፅ። ከኋላ የሰፈሩ ጫጫታ፣ የቡና ሙቀጫው፣ የዶሮው ድምፅ ይግባበት። በቀጥታ ስልክ ማስገባት ከፈለጋችሁ ሰዓት አስሉ፦ እዚህ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ጠዋት ላይ ብትደውሉ ግን ከእንቅልፍ ትቀሰቅሷቸዋላችሁ።

«የምረዳውን ልጅ ፎቶ በየወሩ ላኩልኝ» የሚሉም አሉ። ክፋት የለባቸውም፣ ናፍቆት ነው። የልጁን የፈተና ውጤት ወይም ራሱ የሣለውን ሥዕል በወላጆቹ ፈቃድ መላክ ይቻላል። ቀይ ኮከብ ያለበት የሒሳብ ደብተር ገጽ ፎቶ ከልጁ ፊት ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ረስተነው የቀረ ሰው ቢቀየምስ?

ይቀየማል። በየዓመቱ አንድ አይጠፋም። በስልክ «ይቅርታ፣ የጽሑፍ ስህተት ነው» አትበሉት። ቤቱ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ምክንያት አታብዙ፤ «ረሳንህ» በሉት። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ደግሞ በይፋ ስሙን ጥሩ። የተረሳው ሰው ስም ዝግጅቱ ላይ የነበረውን ያህል ሰው ባለበት መነሣት አለበት፤ አዳራሽ የረሳችሁትን በጓዳ አትካሱ።

ያረፉትንና ያረጁትንስ?

ያረጁት ይቅደሙ፣ ጊዜ የለም። ወ/ሮ አበበች ጎበናን አስቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ ከተመታው ወሎ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ትዳራቸው በዚሁ ፈረሰ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። ሽልማቱም ክብሩም በሕይወት ሳሉ ደርሷቸዋል፤ ደግ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ሰው እንደ እብድ የሚያይባቸው ዓመታት ነበሩ።

ሰፈራችሁ ውስጥ አሁን እንደ እብድ የምትታይ አንዲት ሴት ትኖር ይሆናል። ያኔ ነው ምስጋናው የሚፈለገው። ሥራዋ ከሰፈር ያለፈ ነው ካላችሁ በ2005 ዓ.ም ለጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ዓይነት አገራዊ መድረኮች ጠቁሟት። መጀመሪያ ግን እሷን ጠይቋት።

ያረፈ በጎ ፈቃደኛ ካለ ሰርተፍኬቱን ለልጁ ስጡ። አባቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እየሄደ እንደነበር ልጁ ላያውቅ ይችላል።

ዝግጅት ለማድረግ አቅሙም ጊዜውም ባይኖረንስ?

ስልክ አላችሁ አይደል? ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መልእክት ጻፉ። አንዱን ጽፎ ለሁሉም መላክ ግን አይሆንም፤ ያስታውቃል። እኔ ባለፈው ዓመት ለሹፌሩ የላክሁትን ልስጣችሁና ከእሱ ተነሥታችሁ የራሳችሁን ጻፉ፦

«ጋሽዬ፣ እንደምን አደሩ። ሐምሌ ላይ ያ ዝናብ በወረደበት ቀን ዘይቱን ይዘው ጭቃ ውስጥ ተይዘው ነበር። እኛ ሌላ መኪና ልንፈልግ ስንል ‹ሰዎቹ ምሳ አልበሉም› ብለው በእግርዎ ተሸክመው ገቡ። አልረሳነውም። እግርዎ ተሻለዎት?»